የክሪቤንሲስ ጥንድ እንቁላል ይጥላል፣ ጫጩት ግን አይወጣም፤ ችግሩ ውሃው ነው ወይስ ጥንዱ?

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ጥንድ ክሪቤንሲስ፣ ዋሻ ውስጥ እንቁላል የሚጥለው ትንሽ የምዕራብ አፍሪካ ዓሣ፣ አለኝ። እንቁላል መጣሉን አያቆሙም፤ የሚዋኝ ጫጩት ግን እስካሁን አልታየም። አንዳንዴ እንቁላሉ በሁለተኛው ቀን ነጭ ሆኖ ይሻግታል። አንዳንዴ ደግሞ ማታ በዋሻው ጣሪያ ላይ ተለጥፎ የነበረው ጠዋት የለም። ለመፍረድ እንዲመቻችሁ ያለውን ሁሉ ላስቀምጥ።

አኳሪየሙ 80 በ35 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተርና ከኋላ የሚንጠለጠል ትንሽ ፊልተር አለው። ሂተሩ 100 ዋት ነው፤ ቀን 25 ዲግሪ፣ ንጋት ላይ 23 ያሳያል። ውሃው ከሮቶ የሚቀዳ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) 7.6፣ ጂኤች (ጠቅላላ የማዕድን ጥንካሬው) 8፣ ኬኤች (የካርቦኔቱ ልክ) 7፣ አሞኒያና ናይትራይት 0፣ ናይትሬት 20 አካባቢ። በየሳምንቱ ሩቡን እቀይራለሁ። ወንዱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቷ 6 ይሆናሉ። አብረዋቸው ከላይ የሚዋኙ ስምንት ኒዮን ቴትራ፣ ከታች የሚለቅሙ አራት ኮሪዶራስና ሁለት ትናንሽ ፕሌኮ የሚባሉ ዓሦች አሉ። ዋሻቸው በጎኑ የተጋደመ አንድ የሸክላ ድስት ነው፤ እንድናያቸው ብለን አፉን ወደ ፊት ለፊቱ መስታወት አዙረነዋል። ከታች ያለው ቀይ አሸዋ ነው። መብራቱ በሰዓት ቆጣሪ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ድርግም ይላል።

እንቁላሉን አውጥቼ ለብቻው ላስፈልፍል? ፒኤቹን ማውረድ አለብኝ? ወይስ ጥንዱ ራሱ የማይሆን ነው?


ሸክላ ወዳድ፦

እህቴ፣ ነጭ የሆነ እንቁላልና የጠፋ እንቁላል ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም አይገናኝም። ለየብቻ እንያቸው።

ከነጩ እንጀምር። ጤነኛው እንቁላል ፈዛዛ ቡኒ ነው፤ ወደ ነጭ የሚለወጠው የሞተው ነው። ሻጋታው ገዳይ ሳይሆን ቀባሪ ነው፤ መጀመሪያ የሚያርፈው በሞተው ላይ ነው፣ ብዙ የሞተ ካገኘ ግን ክሩን ዘርግቶ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ያፍናል። ስለዚህ ከሻጋታው ይልቅ ምን ያህሉ፣ መቼ ነጭ እንደሆነ ተመልከቺ። ከመቶው አምስት አሥሩ ነጭ ቢሆን ምንም አይደለም፤ ሴቷ ራሷ ለቅማ ታወጣዋለች። ሁሉም በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ነጭ ከሆነ የወንዱን ዘር አላገኘም ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ወንዱ ገና ልጅ ከሆነ፣ የዋሻው በር ጠቦት መግባት ካቃተው፣ ወይም ጥንድ የመሰሉት ሁለቱም ሴቶች ከሆኑ ነው። ወንዱ ረዘም ያለ ነው፤ የጀርባውና የሆዱ ክንፍ ጫፍ ሹል ይሆናል፣ የጅራቱ መሐል ወደ ኋላ ይወጣል። ሴቷ አጠር ደልደል ያለች ናት፤ የክንፏ ጫፍ ክብ ነው፣ ለመጣል ስትዘጋጅ ሆዷ ደማቅ ወይን ጠጅ ይሆናል። በ9 እና በ6 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያንቺው እውነተኛ ጥንድ ይመስላል፣ የድስቱም አፍ ሰፊ ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ እንፈልግ።

እኔ የምጠረጥረው ንጋት ላይ የሚታየውን 23 ዲግሪ ነው። አሸዋውንና ከላይ ያለውን ክፍተት ቀንሰን አኳሪየምሽ 95 ሊትር ገደማ ይይዛል። ክፍሉ ሌሊት 15 እና 16 ሲገባ 100 ዋት ያን ውሃ 10 ዲግሪ ሽቅብ መግፋት አይችልም። በ27 ዲግሪ ሦስት ቀን ገደማ ላይ የሚፈለፈል እንቁላል በ23 አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይዘገያል፤ ያ ትርፍ ቀን ሁሉ ለሻጋታው ነው። ሂተሩን 150 ዋት አድርጊው፤ ሁለት 75 ዋት ቢሆን ደግሞ ይሻላል፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይዞ ያሳድራል፣ አንዱ ሳይጠፋ ተጣብቆ ቢቀር እንኳ ብቻውን ዓሣውን አይቀቅልም። ከኋላና ከጎን 2 ሴንቲ ሜትር ፎም ለጥፊበት፣ ከላይ መስታወት ክደኚው። 26 ወይም 27 ላይ ቀንና ሌሊት ሳይወዛወዝ ይቀመጥ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የከፍታው ነገር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። በ26 ዲግሪ ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ 6 ገደማ ነው የሚይዘው። ሌሊት ተክሎቹም ይተነፍሳሉ። በዋሻ ውስጥ የተለጠፈ እንቁላል የሚተነፍሰው ሴቷ በክንፏ የምታራግብለትን ውሃ ነው፤ ያ ውሃ ራሱ ከደከመ ማራገቧ አይጠቅምም። ለጸጥታ ብለው ሌሊት የአየር ፓምፑን የሚያጠፉ አሉ፤ እዚህ አገር ያ አይሠራም።

አሁን ወደ ጠፋው። ፕሌኮዎቹን አውጪ። ክሪቤንሲስ በጨለማ እምብዛም አያይም፤ ፕሌኮው ግን ዓይን ሳያስፈልገው በማሽተትና በዳበሳ ይመጣል፣ ጀርባው ጋሻ ስለሆነ ንክሻ አይመልሰውም፣ እንቁላሉን ከጣሪያው ላይ ፍቆ ይሄዳል። ኮሪዶራስም እንደዚያው ነው፤ ከዚህም በላይ ወላጆቹ ዓይኑን እየነከሱ ያጠፉታል። ለሁለቱም ወገን ሲባል ይለያዩ። ቴትራዎቹ ለእንቁላል ዘመን ይቆዩ፤ ከላይ የሚዋኝ ዓሣ ሲኖር ጥንዱ የሚጠብቀው ጠላት ያገኛል፣ እርስ በርሱም አይናከስም። ጫጩት ሲዋኝ ግን ቴትራ በሌሊት ይለቅማል።

መብራቱም ድርግም አይበል። ዋናው ከመጥፋቱ በፊት አንድ ትንሽ ኤልኢዲ ይብራና እስኪነጋ ይቆይ፤ ጥላ ለማየት የሚበቃ ይሁን እንጂ ቀን የሚያስመስል አይሁን።

ዋሻውን አዙሪው። አፉ ወደ መስታወቱ ከሆነ በፊት ለፊት የሚያልፍ ሰው ሁሉ ወራሪ ይመስላቸዋል፤ ወላጅ ሲሸበር እንቁላሉን ይበላል። በሩ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ይሁን፣ ስፋቱ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊቱ ድንጋይ ወይም ተክል ይጋርደው። ሁለት ዋሻ ይኑር፣ በሁለቱ ዳር። ከገበያ የምትገዢው ሸክላ ያልተሟሸ ይሁን፤ የተሟሸው የጠጣው ዘይት ቀስ እያለ ውሃው ላይ ይወጣል።

ቀይ አሸዋውንም ቀይሪው። እነዚህ ዓሦች አሸዋ በአፋቸው እየቃሙ ያጣራሉ፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ጠርዙ ስለታም ነው። ደቃቅ የወንዝ አሸዋ ውሃው ጥርት እስኪል ታጥቦ 4 ሴንቲ ሜትር ይነጠፍ። ከመግባቱ በፊት ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋል።

በመጨረሻ፣ ጠፋ ያልሽው ሁሉ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል። ሲፈለፈል ወላጆቹ እጮቹን በአፋቸው እየያዙ በአሸዋ ውስጥ ወደ ቆፈሩት ጉድጓድ ያዛውራሉ። ይህን ያየ በሉት ይላል። የኛው ቆሮሶ የዚሁ ቤተሰብ አባል ሆኖ እናቲቱ በአፏ ታሳድጋለች፤ ክሪቤንሲስ በአፉ የሚይዘው ለማጓጓዝ ብቻ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን እንቁላሉ ከሌለ፣ ሴቷ ግን አሁንም ከዋሻው አልወጣም ካለች፣ አትንኪያቸው።


ማዶ ሰው፦

ስለ ውሃው ልጨምር። ፒኤች 7.6 ያንቺን እንቁላል አይገድልም። ክሪቤንሲስ መነሻው ደቡባዊ ናይጄሪያ፣ የናይጀር ዴልታ አካባቢ ነው፤ እዚያ ውሃው ለስላሳና አሲድነት ያለው ይሁን እንጂ ገበያ ላይ ያለው ዓሣ ከሞላ ጎደል በእርባታ ለብዙ ትውልድ የቧንቧ ውሃ የለመደ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ፒኤች ማውረጃ ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ አትጨምሪ። ኬኤች 7 ማለት ውሃው አሲድን የሚያጠፋ ብዙ ካርቦኔት አለው ማለት ነው፤ ዛሬ ወደ 6.5 ብታወርጂው ነገ ተመልሶ 7.5 ይሆናል። ዓሣውን የሚያደክመው ይህ መዋዠቅ ነው።

ማውረድ ከፈለግሽ መጀመሪያ ኬኤቹን ቀንሺ፤ እሱም የሚቀንሰው ማዕድን በሌለው ውሃ በመቀላቀል ነው። ግማሽ በግማሽ ከተቀላቀለ ኬኤች 7 ወደ 3.5 ይወርዳል። በክረምት የዝናብ ውሃ ደህና ነው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ግን አትጠቀሚ። የቆርቆሮው ሽፋን ዚንክ ነው፤ ለስላሳ ውሃ ውስጥ ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው። ዝናቡ ለአሥር ደቂቃ አየሩንና አቧራውን ካጠበ በኋላ በንጹሕ ፕላስቲክ ሸራ ላይ በቀጥታ ያዢው። ለውጡ በአንድ ቀን አይሁን፤ በየሳምንቱ በምትቀይሪው ሩብ ውሃ ቀስ እያለ ይግባ።

ቅጠልም ይረዳል። ዛፉ ላይ እንዳለ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ወይም የደረቀ የዘይቱን ቅጠል፣ መድኃኒት ያልተረጨበት ከሆነ፣ ፈላ ባለ ውሃ ታጥቦ ይግባ። ለ95 ሊትር አንድ መዳፍ የሚሞላ ይበቃል። ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል፣ ለጫጩቱም በላዩ ላይ የሚበቅለው ረቂቅ ሕይወት ምግብ ይሆነዋል። ፒኤቹን ግን ኬኤች 7 ላይ ሆኖ ብዙም አያወርደውም፤ ያን ከእሱ አትጠብቂ። ባሕር ዛፍና ጥድ ዘይትና ሙጫ ስላላቸው አይግቡ።

ፒኤች የሚያስጨንቀው ሌላ ቦታ ነው፤ በጾታ ላይ። ክሪቤንሲስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደገበት ውሃ ፒኤች የወንዱንና የሴቱን ድርሻ ይለውጣል፤ 5.5 አካባቢ ወንዱ ይበዛል፣ 7 እና ከዚያ በላይ ሴቱ ይበዛል። በ7.6 ካሳደግሽ ሴት በሴት የሆነ ጫጩት ሊወጣሽ ይችላል፤ ጥንድ ለመመሥረት አይመችም። ወደ 6.5 መጠጋት ሚዛኑን ያቀርባል። ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው አፒስቶግራማ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ የበለጠ የሚሰማው ሙቀቱን ነው፤ 23 ዲግሪ ላይ ሴት ይበዛል፣ 29 ላይ ወንድ፣ 26 መሐል ነው። የሁለቱን ምክር አንዱን ለሌላው እያደረጉ የሚጽፉ ስላሉ ተጠንቀቂ።

ፒኤች ከ6.5 በታች ሲወርድ አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ሥራቸው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጫጩት ባለበት አኳሪየም 5.5 ድረስ ለመውረድ አልመክርም፤ ለጥናት ካልሆነ በቀር።

የሮቶ ውሃ ቆሞ ስለሚያድር ክሎሪኑ ብዙውን ጊዜ ለቅቆታል፤ ሙቀቱን ግን ለኪ። ከጣሪያ ላይ ሮቶ በጠዋት የሚቀዳው ከአኳሪየሙ 10 ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ እንዳይበልጥ የፈላ ውሃ ቀላቅለሽ በቀጭን ቱቦ አስገቢ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ውሃን ማሳደር አይበቃም፤ እዚህ በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂንያ በኩል አብዛኛውን ዓመት የሚጨመረው ክሎራሚን፣ ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሐደበት፣ ነው፣ አሳድረውት አይለቅም፣ ማጥፊያው መድኃኒት ያስፈልጋል።


የአራት ኪሎዋ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፕሌኮና ኮሪዶራሱ ወደ ሌላ ገንዳ ይዛወራሉ፣ ድስቱም ዞሯል። ሁለት ነገር ቀረኝ። እስከሚዋኙ ከደረሱ ምን ላብላቸው? እዚህ የተዘጋጀ የጫጩት ምግብ ማግኘት ችግር ነው። መብራት ሲጠፋስ? እኛ ሰፈር ግማሽ ቀን የሚሄድበት ጊዜ አለ።


ጋሽ ብርጭቆ፦

ልጄ፣ ምግቡን እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት አዘጋጂው። በ27 ዲግሪ በሦስት ቀን ገደማ ይፈለፈላል፣ አራት አምስት ቀን ሆዱ ላይ ባለው አስኳል ይኖራል፣ ከሳምንት በኋላ ይዋኛል። በዚያን ቀን ምግብ ፍለጋ ገበያ የወጣ ሰው ዘግይቷል። አብዛኛው ጫጩት የሚያልቀው በዚያ ሳምንት በረሃብ ነው፤ ባለቤቱ ግን ወላጆቹን ይከሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው አርቴሚያ፣ በጨዋማ ውሃ የሚኖር ደቃቅ ፍጥረት፣ ነው፤ እንቁላሉ በደረቁ በጣሳ ይሸጣል፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለሽ አንድ ትንሽ ጣሳ አስመጪ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቁረጪና ገልብጠሽ አቁሚው። አንድ ሊትር ውሃ፣ 25 ግራም ጨው፣ ማለትም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ አለፍ የሚል፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ የአርቴሚያ እንቁላል። አዮዲን ያለው የገበያ ጨው ምንም አይለውም። የአየር ቱቦው እስከ ክዳኑ ድረስ ወርዶ በኃይል ያናውጠው፤ ከታች የሚተኛ እንቁላል አይፈለፈልም። በ27 ዲግሪ በ24 ሰዓት ይወጣል፤ በክፍሉ ብርድ ከተውሽው ሁለት ቀን ይፈጃል፣ የሚወጣውም ያንሳል። ስለዚህ ጠርሙሱ ከአምፖል አጠገብ ይቁም። ብርሃኑም ያስፈልገዋል።

ሲወጣ አየሩን አጥፊና አሥር ደቂቃ ጠብቂ። ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ ብርቱካንማው እጭ ወደ ታች ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባል። በቀጭን ቱቦ ስበሽ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ወይም ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ አጥሪና በንጹሕ ውሃ አለቅልቂው። ቅርፊቱ አብሮ አይግባ፤ ጫጩቱ ከዋጠው አይፈጭለትም፣ አንጀቱን ይዘጋል። እጩ በወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስንቁን ስለሚጨርስ ቶሎ ይሰጥ፤ የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ይቆያል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ በጠብታ መስጫ ከመንጋው አጠገብ አድርጊ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በማጉያ ስታዪ ሆዳቸው ብርቱካንማ ከሆነ ጠግበዋል። ካልሆነ ምግቡ አልደረሳቸውም።

አርቴሚያ ካልተገኘ ማይክሮ ትል። ለአዲስ አበባ ክፍል እንዲያውም የተፈጠረ ነው፤ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይበቃዋል። አጃ ወፍራም ገንፎ ተደርጎ ቀዝቅዞ በፕላስቲክ ሳጥን አንድ ሴንቲ ሜትር ይደረግ፣ ላዩ ላይ ቆንጠር ያለ ደረቅ እርሾ፣ ከዚያ ከሌላ ሰው የተወሰደ አንድ ማንኪያ እርሾ ትል። ክዳኑ ይበሳና ቀዳዳው በጥጥ ይወተፍ፣ አለበለዚያ ዝንብ ይገባዋል። በአምስተኛው ቀን ገደማ ትሉ ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ በጣት ጠርገሽ ውሃ ውስጥ አራግፊ። በሦስተኛው ሳምንት ይኮመጥጣል፣ ገንፎው ይቀጥናል፤ ያኔ አዲስ ሳጥን ጀምሪ። ሁልጊዜ ሁለት ሳጥን ይኑርሽ። ትሉ ወደ ታች ይሰምጣል፣ የክሪቤንሲስ ጫጩትም ከታች ነው የሚለቅመው፤ ይስማማሉ። ለብቻው ግን ስብ ይበዛበታል፣ እድገቱ ከአርቴሚያ ያንሳል።

የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል የሚሉሽን ተያቸው አልልም፤ ከምንም ይሻላል። የክብሪት ጫፍ የምታህል በጨርቅ ውስጥ ሆና በውሃ ትጨመቅ፣ ከዚያ በላይ ውሃውን ታበላሻለች፣ በሰዓታት ውስጥ አሞኒያው ይነሣል። የሰጠሽ ቀን አሥር በመቶ ውሃ ቀይሪ።

ወላጆቹንም አትርሺ። ለመጣል የሚዘጋጅ ዓሣ በረዶ የሆነ የደም ትል፣ ዳፍኒያ፣ የቢምቢ እጭ ይብላ፤ ግን ሥጋ ብቻ አይሆንም፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀቀል ያለ ቆስጣ ወይም የተላጠ አተር ይጨመር። ከፍሳሽ ቦይ የሚወጣ ቀይ ትል አይግባ።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ሙቀት። በዩኤስቢ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አንድ ዋት ገደማ ነው የሚበላው፤ ባለ 10,000 ሚሊ አምፕ ሰዓት ፓወር ባንክ ከአንድ ቀን ያላነሰ ያስኬደዋል። ስፖንጅ ፊልተሩን በሱ ላይ አድርጊው። ከኋላ የሚንጠለጠለው ከሦስት ሰዓት በላይ ከቆመ ውስጡ ይበሰብሳል፤ መብራት ሲመጣ በአኳሪየም ውሃ ሳይታጠብ እንዳይነሣ። ለሙቀቱ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ጠቅልዪው። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ 60 ዲግሪ በሆነ ውሃ ተሞልቶ ሲንሳፈፍ ያን 95 ሊትር ከአንድ ዲግሪ በታች ነው የሚያሞቀው፤ በየሰዓቱ አንድ አንድ እያልሽ ለውጪ፣ ሦስቱን ባንዴ አትክተቺ። የፈላ ውሃ ጠርሙሱን ያጣምመዋል።


ቀልጣፋው፦

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ድስቱን ከነእንቁላሉ አውጪው። በ10 ሊትር ዕቃ የራሱን የአኳሪየም ውሃ ሙዪ፣ ሻጋታ የሚከላከለውን ሰማያዊ መድኃኒት፣ 1 በመቶ ሜቲሊን ብሉ፣ ለ5 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር ጨምሪ፣ የአየር ድንጋይ እንቁላሉ አጠገብ አድርጊ፣ 27 ዲግሪ ያዢው። ሲፈለፈል ግማሹን ግማሹን እየቀየርሽ ሰማያዊውን አውጪ። የሚወጣው ጫጩት ከወላጅ ጋር ከሚተርፈው ይበልጣል፣ ወላጁም ቶሎ ይደግማል። መሸጥ ከሆነ ሐሳብሽ መንገዱ ይሄ ነው።


ሸክላ ወዳድ፦

ቀልጣፋው፣ አሠራርህ ትክክል ነው፣ መጠኑም ልክ ነው። እኔ የማልቀበለው ቅደም ተከተሉን ነው። የሙቀቱ ችግር ሳይስተካከል እንቁላሉ ቢወጣ፣ ለምን ሲጠፋ እንደነበር ሳይታወቅ ይቀራል። ከዚህም ሌላ 10 ሊትር ዕቃ ፊልተር የለውም። መቶ ጫጩት በቀን አራት ጊዜ አርቴሚያ እየበላ አሞኒያውን በየቀኑ ውሃ በመቀየር ብቻ መያዝ ለጀማሪ ከባድ ነው። ክሪቤንሲስን የሚወደድ የሚያደርገው ሁለቱም ወላጆች ጫጩቱን እየመሩ ማሰማራታቸው ነው፤ ቅጠል እየገለበጡ፣ አሸዋ እየቃሙ ምግብ ያወጡለታል። ወጣት ጥንድ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እንቁላሎች ቢበላም ይማራል። ሁሉ ተስተካክሎ እነሱ ደጋግመው ከበሉ ያኔ የአንተ መንገድ ይሞከር። ሜቲሊን ብሉውን ብቻ በዋናው አኳሪየም ውስጥ እንዳታደርጊው፣ እህቴ፤ የፊልተሩን ባክቴሪያ ይጎዳል፣ ሲሊኮኑንም ሰማያዊ ያደርገዋል።

ስላልጠየቅሽው አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እንቁላል ሲኖር ሴቷ ወንዱን ከዋሻው ታባርረዋለች፤ እሱ የውጭውን ዙሪያ ይጠብቃል። ይህ ጤና ነው። ወንዱ ክንፉ ተቀዶ፣ ቀለሙ ጠፍቶ፣ ከሂተሩ ጀርባ ወይም ከላይ ጥግ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ግን በዚያው ቀን አውጪው። 80 ሴንቲ ሜትር ውስጥ መሸሻ ቦታ ስለሌለው እስኪሞት ትነክሰዋለች፤ መጠኑ ቢበልጣትም። ሴቷ ብቻዋን ታሳድጋለች። ይህ እንዳይመጣ መሐል ላይ ድንጋይና እንጨት ቁልል፤ ከዳር ዳር ሲታይ እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ የሚጋርድ መሆን አለበት። አዲስ ጥንድ የሚመሠርት ሰው ካለ ደግሞ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መርጦ ከመግዛት ስድስት ልጆች ገዝቶ ራሳቸው እስኪመራረጡ ቢጠብቅ ይሻለዋል። ተገዶ የተጋባው ነው ብዙውን ጊዜ የሚገዳደለው።


የአራት ኪሎዋ፦

ሂተሩን 150 አድርጌ አሁን 26.5 ላይ ቆሟል። ከኋላ የሚንጠለጠለው ፊልተር ጫጩት አይስብም? ደግሞስ ከወላጆቻቸው መቼ ነው የሚለዩት?


ጋሽ ብርጭቆ፦

ይስባል። መሳቢያው ላይ ደቃቅ ስፖንጅ ቦርቡረሽ አጥልቂ፤ ስፖንጅ ከሌለ የሴቶች ስስ ካልሲ በላስቲክ እሰሪበት፣ በየሁለት ቀኑ እጠቢው፣ ይደፈናል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አጥፍተሽ በስፖንጅ ፊልተሩ ብቻ ብትሄጂም ይሆናል።

ውሃ ስትቀይሪ በአየር ቱቦ ወደ ነጭ ባልዲ ሳቢ፤ የተሳበ ጫጩት ነጭ ላይ ይታያል፣ በማንኪያ ትመልሺዋለሽ። በአንድ ቀን ሩብ ከመቀየር በየሁለት ቀኑ አሥር በመቶ።

መለያያው የሚታወቀው በሴቷ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆኑ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ሆዷ እንደገና ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ወንዱ ፊት ሰውነቷን አጥፋ ትንቀጠቀጣለች፣ ዋሻውን ማጽዳት ትጀምራለች። ያኔ ትልልቆቹን ልጆች ማባረር ይጀምራሉ፤ አዲስ እንቁላል ከተጣለ ደግሞ ይገድሏቸዋል። ሁለተኛው ገንዳ፣ 60 በ30 በ30 ይበቃል፣ ከዚያ በፊት ውሃው ተሞልቶ፣ ከዋናው አኳሪየም የተወሰደ ያደረ ስፖንጅ ተገጥሞለት፣ ሙቀቱና ፒኤቹ እኩል ሆኖ ይጠብቅ። በመረብ አታሳድጃቸው። ማታ መብራት ሊጠፋ ሲል ሴቷ ወደ ጉድጓዱ ትሰበስባቸዋለች፤ አንድ ላይ ባሉበት በወፍራም ቱቦ ከነውሃቸው ይሳባሉ።